ወሎ ሰፈር የነበረን ሳንዱች ቤት

ባለቤቴን ያወቅሁት ሳንዱች እየበላሁ ነው። ፒያሳ የጽሕፈት መኪና ትምህርት እማር ነበር። ከክፍል ስንወጣ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ግሪክ የከፈተው ሳንዱች ቤት ጎራ እንላለን። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ነጭ ቆብ የደፋ ቀጭን ወጣት ይቆማል። ዳቦውን በአንድ ምት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሥጋውን ከመጥበሻው አንስቶ ያስገባና በእንቁላልና በሰናፍጭ የተመታ ቢጫ ስጎ ያፈስበታል። አንድ ቀን ርቦኝ ቸኩዬ ስገምጥ ምላሴ ተቃጠለና እንባዬ መጣ።

«እህቴ፣ ሳንዱች እኮ አይሸሽም፤ ቀስ ብለሽ ብዪ» አለኝና ቀዝቃዛ ውሃ አቀበለኝ። በዓመቱ ተጋባን።

ግሪኩን፣ በጊዜው ፈረንጅ ሁሉ እንደሚጠራው፣ ሁላችንም «ሙሴ» ነበር የምንለው። ልጅ አልነበረውም። ባለቤቴ ገና ጺም ሳያወጣ ጀምሮ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ስንጋባ ለብቻው ጠርቶ የራሱን ቤት እንዲከፍት ነገረው። ችሮታ ግን አልነበረም። የቤቱ ስም እንደ ፒያሳው ሁሉ የሙሴው የትውልድ መንደር ስም፣ ዳቦው ከሙሴው ምድጃ፣ ስጎው ከሙሴው ወጥ ቤት፣ መጠቅለያው ወረቀት ሳይቀር ከሙሴው ይሆናል፤ ከሽያጩም ድርሻውን ይወስዳል። «ሰው ፒያሳ የበላውን እዚያ ሲበላ ልዩነት ካገኘ፣ ስሜን ከበርህ ላይ አወርዳለሁ» አለው። ባለቤቴ ይህን ቃል ቤት ውስጥ ሲደግመው እንደ ዳዊት ነበር የሚያነበንበው።

ወሎ ሰፈር ላይ ቦሌ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ከነጓዳዋ ተከራየን። መኖሪያችን ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዛሬ ሩዋንዳ ከሚሉት ሰፈር በኩል ነበር። ያኔ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው መንገድ ሰፊና ጭር ያለ ነው፤ ከቪላው ቀጥሎ ሜዳ፣ ከሜዳው ቀጥሎ ሌላ ቪላ። ጠዋት ጠዋት የሙሴው ትንሿ ፊያት በራችን ላይ ትቆምና ትኩስ ዳቦ በከረጢት፣ ስጎው በቆርቆሮ ይወርዳል። ከዚያ ደንበኛው ይጀምራል፦ ሻንጣቸውን የሚጎትቱ ሆስተሶች፣ ከጋራዥ እጃቸውን ሳይታጠቡ የሚመጡ መካኒኮች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ የመሥሪያ ቤት ሰዎች። በጾም ወራት ሥጋው ይቀርና ምስር የተሞላ ሳምቡሳና ፓስቲ እጠብስ ነበር። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሙሴው መጀመሪያ ተቆጣ፤ «የኔ ቤት ውስጥ ይሄ የለም!» አለ። አንዱን ቀመሰ። ሁለተኛውን አነሳ። በሚቀጥለው ጾም ፒያሳም ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሲቀልድ «ሙሴውን ያዘዘችው ሚስቴ ብቻ ናት» ይል ነበር።

አብዮቱ የፈነዳው ትልቋ ልጃችን መራመድ ስትጀምር ነው። መጀመሪያ ሁላችንም ጮቤ ረገጥን፤ ይህን መደበቅ አልችልም። በኋላ የፒያሳው ሳንዱች ቤት ተወረሰ። የኛም አከራይ ቤቷን ተነጠቀችና ኪራይ ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። ሙሴው ጥቂት ወራት ሲንገላታ ቆየና አገሩ ሊገባ ወሰነ።

የሄደ ዕለት ታክሲው በራችን ላይ ቆመ። ሙሴው ኮፍያውን እንዳደረገ ገባና ባንኮኒው ፊት ቆሞ «አንድ ስጠኝ» አለ። ባለቤቴ ሠራለት። ሙሴው ግማሹን ቆሞ በላ፤ የቀረውን በወረቀት ጠቅልሎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። እኛ ስንብት፣ ምርቃት፣ የሆነ ቃል እንጠብቃለን።

«ጨው አንሶታል» አለና ወጣ።

ታክሲው ወደ ቦሌ ሲፈተለክ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሲመለስ የጨው ዕቃውን አንስቶ ቀመሰው፤ ጨው ጨው አይል ይመስል። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ብቻውን አለቀሰ። አባቱ ሲሞት እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ዳቦውም ስጎውም የኛ ዕዳ ሆነ። ከጓዳው ጀርባ በጡብ ምድጃ ሠራ። ስጎውን ስንት ዘመን ሲመታው ስለኖረ እጁ ያውቀዋል። ለአንድ ዓመት ያህል እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ ጣፈጠ ብለው የሚመሰክሩ ነበሩ። እሱ ግን አይቀበልም። በየቀኑ የመጀመሪያውን ሳንዱች ለራሱ ሠርቶ ቆሞ ይቀምሳል፤ ካልጣመው ለሰው አይሰጥም። ሙሴው አገሩ ገብቶ ባሕር ዳር ቁጭ ብሏል፤ የኔ ባል ግን ወሎ ሰፈር ሆኖ ተቆጣጣሪውን ይጠብቃል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወጣት ነበር፤ የቀድሞ አስተማሪ፣ ትሁት አነጋገር ያለው። አንድ ቀን ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣና በራችን ላይ ያለውን ስም ቀና ብሎ አነበበ።

«ጓድ፣ ይህ የማን ስም ነው?»

«የድርጅቱ ስም ነው» አለ ባለቤቴ።

«የፈረንጅ መንደር ስም ነው አሉኝ።»

«ባለቤቱ የተወለደበት ነው።»

«ባለቤቱ የት አለ?»

ባለቤቴ ባንኮኒውን ያብስ ጀመር። በሳምንቱ ሠዓሊ ተልኮ መጣና ስሙን በቀይ ቀለም ሸፍኖ «ትግላችን ሳንዱች ቤት» ብሎ ጻፈበት። ደንበኞቻችን ይስቁ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ትግላችን በእንቁላል!» ይላሉ። ባለቤቴ አይስቅም። ቃል የገባው ለስሙ ነበርና፣ ስሙ ከወረደ የሙሴው ቅጣት የደረሰበት መሰለው።

ቀጥሎ ዕቃ መጥፋት ጀመረ። የስንዴ ዱቄት በኮታ ሆነ። ዘይት ከቀበሌው ሱቅ በሰልፍ፣ ስኳርም እንደዚያው፤ የስጎው የፈረንጅ ሰናፍጭማ ፈጽሞ ከገበያ ጠፋ፤ ለጥቂት ጊዜ አንዲት ሆስተስ ከውጭ በሻንጣዋ እያመጣች ታቀብለን ነበር። ይህችን ሆስተስ ኋላ ላይ አነሳታለሁ። ከትልልቅ ሆቴሎች በስተቀር ሁሉም እንደ አቅሙ ይቀላቅላል፤ ዱቄቱን በበቆሎ፣ ዘይቱን በሞራ። እኔም ባለቤቴን ወተወትኩት።

«ያለውን እንሽጥ። ሰው እንደሆነ ችግሩን ያውቃል፤ አይፈርድብንም።»

«ሰውማ አይፈርድብንም።»

«ታዲያ?»

«እኔ እፈርዳለሁ» አለኝ።

እናም ዱቄቱ ጥሩ ያልሆነ ዕለት ምድጃውን አያነድም። «ዛሬ ሳንዱች የለም» ብሎ በሩን ገርበብ ያደርግና ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሻይ ብቻ እናፈላለን። ሰው መጥቶ ይመለሳል። እኔ እበሳጫለሁ፤ አንዳንዴም እጮህበታለሁ። ከኩራት የመጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ኩራት አልነበረም፤ ሌላ አሠራር ስለማያውቅ ነው። እጁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የተማረው።

መዝጋቱ መዘዝ አመጣበት። ያ ዘመን ሱቅ ዘግቶ መቀመጥ እንደ ሻጥር የሚቆጠርበት ነበር። አንድ ረፋድ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ጓዳውን ፈተሹና ለጾሙ ያጠራቀምኩትን ዘይት አገኙ። ሁለት ጀሪካን ነበር። የኔ ነው አልኳቸው፤ ማን ሰምቶኝ! ባለቤቴን ከነሽርጡ ይዘውት ሄዱ። ሽርጡን እንኳ እንዲፈታ አልተውትም።

ከአንድ ወር በላይ ቀበሌ ታሰረ። ስንቅ ማመላለሱን እንደ ሌሎቹ ሚስቶች ተማርኩት፤ ሳህኑን የሚቀበል ዘበኛ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ከዘበኞቹ አንዱ የኛው ደንበኛ ነበር። ዓይኔን ማየት አፍሮ «እትዬ፣ ደህና ነው፤ አልተመታም» ይለኛል እየተንሾካሾከ። አለመመታቱ እውነት ይሁን ውሸት ባለቤቴ እስኪሞት አልነገረኝም። በዚያ ዘመን ወጥተው ያልተመለሱ ብዙ ነበሩና የኔው መፈታቱን እንደ ተአምር ቆጠርኩት። አስጠንቅቀው ለቀቁት። ሽርጡ ከወገቡ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር የመጣው፤ እንዲያ ከስቶ።

ከእስር ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ነገር ጠበቀው። አከራያችን ትኖርበት የነበረው ቪላ ታድሶ የቀበሌው መዝናኛ ክበብ ሆኗል። ግቢው ውስጥ ጃንጥላ፣ ወንበር፣ ከረምቦላ፣ ድምፅ ማጉያ። ዱቄቱና ዘይቱ ከሱቁ በቀጥታ ይገባለታል፤ ሰልፍ የለ፣ ኮታ የለ። ዋጋውም ከኛ ያነሰ ነው። መካኒኮቹ መጀመሪያ ሄዱ። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ሰው። ሲሻገሩ ወደኛ አያዩም፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሻገሩት። በነሱ አልፈረድኩም።

ምግባቸው ግን አይበላም ነበር። ፓስቲው ዘይት ይተፋል። ለዚህ ነው ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ወደ ቤቴ የመጣው፤ ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ መኖሪያዬ፣ ባለቤቴ በሌለበት ሰዓት። ቆሜ ተቀበልኩት።

«ክበቡ ባለሙያ ይፈልጋል» አለኝ። «የወር ደመወዝ አለው። ልጆችሽም ይጠቀማሉ።»

«ባለቤቴ ማዶ የራሱ ቤት አለው እኮ፤ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። እሱን አልጠየቅሁም፤ እንቢ እንደሚል ስለማውቅ ነው አንቺን የጠየቅሁት።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «እህቴ፣ ከኛ ጋር ሚስቱ ብትኖር ለሱም አይከፋም።»

ይህን ማስፈራሪያ ነው ልበለው ወይስ ምክር? እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ምናልባት ሁለቱም ነበር።

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ልጆቹ እንዲተኙ አላልኩም፤ በነሱም ፊት ይሁን ብዬ።

«ምን ልበላቸው?»

«አንቺ ምን አሰብሽ?»

«ልግባ ነው የማስበው።»

ጉርሻውን ጠቅልሎ ለትንሿ ልጃችን አጎረሳት። ሌላ ጠቀለለና ለትልቋ ሰጣት። ሦስተኛውን ለኔ ዘረጋ። ጎረስኩ። እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለኝ በኋላ። «ስጎውን እዚያ እንዳትሠሪ።»

«አልሠራም።»

አልሠራሁምም። ለዓመታት ማዶ ቆሜ ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የእንቁላል ሳንዱች ሠራሁ። ሊቀመንበሮቹ ተቀያየሩ፤ አንዱ ታሰረ፣ አንዱ ወደ ትልቅ ቦታ ሄደ። ስጎው የት አለ የሚለኝ ሲመጣ «የባለቤቴ ነው» እላለሁ። በክበቡ መስኮት የሱቃችን በር ፊት ለፊት ይታየኛል። ባለቤቴ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ባንኮኒው ጋ ይቆማል፤ ሻይ ይቀዳል፣ ጠርሙስ ያብሳል። የኔ ግቢ ሰው ይተራመሳል። ከኔ መጥበሻ ላይ የሚነሳው ሽታ መንገዱን ተሻግሮ እሱ ዘንድ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ነፋሱ ወደዚያ ሲሆን መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ጭሱ ያስለኛል፣ ረዳቶቼ ያጉረመርማሉ፤ እኔ ግን እዘጋለሁ።

ቤት ስንገናኝ ስለ ሥራ አናወራም። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ እናወራለን። እሱ አንድም ቀን ወደ ክበቡ ተሻግሮ አያውቅም። ዝናብ የጣለ ዕለት ጃንጥላ ይዞ ሊቀበለኝ ይመጣል፤ ግን የኛ በኩል ካለው አስፋልት ዳር ይቆምና እስክሻገር ይጠብቀኛል።

ያቺ ሰናፍጭ የምታመጣልን ሆስተስ ለብዙ ጊዜ ጠፍታ ነበር። ሥራ ለቃለች ሲሉ ሰምተናል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ሳይ፣ ፀጉሯ ሸበት ያለ ሴት ከአንዲት ወጣት ጋር ከውይይት ታክሲ ወርዳ ወደ ሱቃችን ገባች። ወዲያው ባለቤቴ ብቅ አለና በሩ ላይ ቆመ። ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ መንገዱን ተሻገረ።

እጄ ላይ የነበረው ወንፊት ወደቀ። ባለቤቴ በጓሮ በር በኩል ወደ ወጥ ቤቱ ገባና ቆቡን አወለቀ።

«መጥታለች» አለኝ። «ልጇን ይዛ መጥታለች። ልጅቷም ሆስተስ ልትሆን ነው። ወጣት ሳለሁ የበላሁትን ላቅምሳት ብዬ ነው አለችኝ። እኔ ቤት ዳቦ እንኳ የለም።»

«ቁጭ በል፣ እኔ ልሥራላቸው።»

«የለም። እንቁላል ስጪኝ። ዘይትም።»

ረዳቶቼን ወደ ግቢው አስወጣኋቸው። ከክበቡ ዳቦ መረጠ፤ አንዱን ጨመቀ፣ ሌላውን አሸተተ፣ ሁለት ለየ። ሰናፍጭ ዱቄት ነበረኝ፤ አሮጌ ነው። አሸተተውና ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ተቀበለኝ። ከዚያ እንቁላሉን ሰብሮ መምታት ጀመረ። እኔ ዘይቱን በቀጭኑ አፈሳለሁ፣ እሱ ይመታል። ከስንት ዘመን በኋላ እንዲህ ጎን ለጎን ቆመን ሥራ ስንሠራ! ክርኑ ክርኔን ይነካኛል። እሱ አላየኝም፤ ዓይኑ ከስጎው አልተነቀለም። በጣቱ ጫፍ ቀመሰ። እኔንም አቀመሰኝ።

«ጨው?» አለኝ።

«ይበቃል።»

ሁለቱን ሳንዱች በሳህን አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነና በፊት ለፊቱ በር ወጣ። የክበቡ ሰው ሁሉ፣ ድሮ ደንበኞቹ የነበሩት ጭምር፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ መንገዱን ሲሻገር አዩት። ከረምቦላ የሚጫወቱት እንኳ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ።

ማታ ቤት ስንገባ «እንዴት ሆነላቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምንም አልተለወጠም አለች።»

«እሰይ!»

«ተለውጧል እኮ» አለኝ። «ዳቦው ሌላ ነው። ሰናፍጩ ሞቷል። እሷም አውቃዋለች፤ መጀመሪያ ስትገምጥ ፊቷን አይቻለሁ። ደግ ሰው ስለሆነች ነው።» ጫማውን ሲያወልቅ ብዙ ቆየ። «ልጅቷ ግን ጥርግ አድርጋ በላችው» አለ በመጨረሻ።

በዚያው ሳምንት የንግድ ፈቃዱን መለሰ። አልጠየቅሁትም፣ አላስቆምኩትም። ባንኮኒውን የሚገዛ አልተገኘምና እዚያው ተወው። ጉርድ ሾላ በኩል የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። ዱቄት ነበር የሚጠብቀው፤ እስከ ጣሪያው የተደረደረ የስንዴ ዱቄት። ትልቋ ልጃችን ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ደመወዙ መጥፎ አልነበረም፣ አለቆቹም ያከብሩት ነበር። ቤት ግን ምግብ መቅመስ ተወ። የቀረበለትን ይበላል፤ ጥሩ ነው አይል፣ መጥፎ ነው አይል። ድሮ ወጤ ላይ የሚያወጣውን እንከን እየናፈቅሁ አንዳንዴ ሆን ብዬ ጨው አበዛበት ነበር። ዝም ብሎ ይበላዋል።

ደም ግፊቱ የጀመረው እዚያ ሥራ ላይ እያለ ነው። ግማሽ አካሉ ደክሞት በጡረታ ወጣ።

በደርጉ መጨረሻ አካባቢ ነገሩ ላላ ማለት ጀመረ። የግል ሥራ ይፈቀዳል ተባለ፤ ድሮ የዘጉ ሰዎች በራቸውን ሲጠርጉ አየን። ትልቋ ልጃችን ያኔ ደመወዝተኛ ሆናለች። «አባዬ፣ እንክፈተው» አለችው። እሱ ተነስቶ ወደ መኝታው ገባ። በማግስቱ ግን ከዘራውን ይዞ «እስኪ አብረሽኝ ሂጂ» አለኝ።

ወሎ ሰፈር በእግራችን ሄድን። ቀበሌው ሱቁን ለአንዲት የወታደር ሚስት ሰጥቶት ነበር። በሩ ላይ የነበረው ቀይ ቀለም ተላልጧል፤ ከስሩ ምንም ስም አይነበብም። ሴትየዋ ልብስ ስታጥብ አገኘናት። ወጣት ናት። ባለቤቴ ቆቡን አወለቀና «ልጄ፣ ድሮ እዚህ እሠራ ነበር፤ ጓዳውን ብቻ ላየው» አላት። እጇን በቀሚሷ አብሳ አስገባችን። ባንኮኒው ልብስና ሰሐን ተደርድሮበታል። ከጓዳው ጀርባ ምድጃው ፈርሶ ጡቦቹ የአልጋ እግር ሆነዋል። አልጋው ላይ ሕፃን ተኝቷል።

«ባልሽስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሰሜን ነው። ከክረምት ወዲህ ደብዳቤ የለም» አለች። ልብሷን አየት አደረግሁ፤ ገና ጥቁር አልለበሰችም።

ሻይ አፈላችልን። ባለቤቴ በደህናው እጁ ብርጭቆውን ይዞ ሕፃኑን ሲያይ ቆየ። ስንወጣ አመሰገናትና መረቃት። መንገዱን ስንይዝ ልጃችን የጠየቀችውን አነሳሁበት።

«ለልጃችን ምን እንበላት?»

«ቦታ የለም በያት» አለኝ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሻዩ ጥሩ ነው» አለ። «ቅርንፉዱ በልክ ነው።» ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ቀመሰው ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ክረምት አረፈ።